ሲሪንጅ፦ ሁለት ሺህ ዓመት የፈጀ ቀላል መሣሪያ

ሲሪንጅ ሲያዩት ምንም የማያወሳስብ ዕቃ ነው። አንድ ቱቦ አለ፤ በቱቦው ውስጥ ልክክ ብሎ የሚመላለስ መግፊያ አለ፤ ጫፉ ላይ ቀዳዳ አለ። መግፊያው ሲሳብ ፈሳሽ ይገባል፤ ሲገፋ ይወጣል። የብስክሌት ጎማ መንፊያም ሆነ የእጅ ውኃ ፓምፕ የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ሆኖም ከዚያ ሐሳብ ተነስቶ ዛሬ በጤና ጣቢያ የምናየው፣ ለአንድ ሰው አንዴ አገልግሎ የሚጣለው ፕላስቲክ ላይ ለመድረስ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ወስዷል። ሦስት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት ነበረባቸው። ፈሳሹን ወደ ቱቦው የሚያስገባው ኃይል ምንድን ነው? በመግፊያውና በቱቦው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በምን ይደፈናል? መርፌው ከአንዱ ታማሚ ወደ ሌላው ይዞት የሚሄደው ነገርስ እንዴት ይገታል? እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን ዘመን ጠብቆ ተመለሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጸጉር አስተካካዩ ልጅ፦ 3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት

ታሪኩ የሚጀምረው በግብጿ እስክንድርያ ነው። ክቴሲቢዮስ የጸጉር አስተካካይ ልጅ ነበር። ሮማዊው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ እንደጻፈው፣ ወጣቱ በአባቱ ሱቅ የተሰቀለውን መስታወት እንደልብ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ፈልጎ በገመድ አሠረው፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ ደግሞ የእርሳስ ክብደት አንጠለጠለ። ክብደቱ የሚወርደው በጠባብ ቱቦ ውስጥ ነበር። እርሳሱ በፍጥነት ቁልቁል ሲሄድ ከሥሩ የታመቀው አየር በመውጫው ሾልኮ ሲወጣ ድምፅ አሰማ። ክቴሲቢዮስ ከዚህ ትልቅ ነገር ተረዳ፦ አየር ቦታ የሚይዝ፣ ሲገፉትም መልሶ የሚገፋ አካል ነው።

ከዚያ የሠራው ፓምፕ ለብዙ መቶ ዓመታት አርአያ ሆነ። ሁለት የነሐስ ቱቦዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ፒስተን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የተገጠሙት ቫልቮች ውኃው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርጋሉ። ቪትሩቪየስ አንድ ዝርዝር ሳይዘነጋ መዝግቧል፦ ፒስተኖቹ በቶርኖ ተስተካክለው በዘይት የታሹ ነበሩ። የክፍተቱ ጉዳይ ከመጀመሪያውም ባለሙያውን ያሳስብ ነበር ማለት ነው። የላላ ፒስተን ውኃውን በጎኑ ያሳልፋል፤ ከልክ በላይ የጠበቀ ደግሞ አይንቀሳቀስም።

በ1ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. የዚያው ከተማ ሰው የሆነው ሄሮን ይህንኑ አሠራር አሳንሶ ለሕክምና የሚሆን መሣሪያ በመጽሐፉ ገለጸ። መሣሪያው ከቁስል መግል ለመሳብ የታሰበ ነው። የቱቦው አፍ ቁስሉ ላይ ይደረጋል፤ መግፊያው ወደኋላ ሲሳብ መግሉ ይከተላል። ፈሳሽ ወደ ውስጥ ማስገባት ሲፈለግም ያው መሣሪያ ያገለግላል። በመልክም በአሠራርም ሲሪንጅ ነበር፤ የጎደለው ቆዳ የሚበሳ ቀጭን መርፌ ብቻ ነው።

ጥጥ የተጠመጠመበት መግፊያ፦ ከ1000 እስከ 1206

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከእስላሙ ዓለም ነው። በአንዳሉስ፣ በዛሬዋ ስፔን ኮርዶባ አጠገብ የኖረው ቀዶ ሐኪም አል ዘህራዊ ወደ 1000 ገደማ ባጠናቀቀው ታላቅ የሕክምና መጽሐፉ የሽንት ፊኛን በመድኃኒት የሚያጥብ መሣሪያ ገለጸ። ከብር ወይም ከዝሆን ጥርስ የሚሠራ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ በመግፊያው ጫፍ ላይ ጥጥ ይጠመጠምበታል። ጥጡ ፈሳሹን ጠጥቶ ስለሚያብጥ ክፍተቱን ይደፍናል። አል ዘህራዊ የመሣሪያውን አሠራር ለአንባቢ ለማስረዳት የጠቀሰው በባሕር ውጊያ የሚቀጣጠል ዘይት የሚረጩበትን መሣሪያ ነበር፤ መርከብ የሚያቃጥለውና በሽተኛ የሚያክመው መሣሪያ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

በዚያው ዘመን የሞሱል ተወላጁ አማር ኢብን አሊ በግብፅ የዓይን ሞራን ባዶ መርፌ አስገብቶ በመምጠጥ ያወጣ ነበር። እዚህ ላይ መርፌና መሳብ ተገናኙ። በ1206 ደግሞ አል ጀዘሪ ስለ ማሽኖች በጻፈው መጽሐፍ በሁለት ፒስተን ውኃ የሚስብ ፓምፕ አሳየ። የእሱ ፒስተን በሁለት የመዳብ ዝርግ ክቦች መካከል የቃጫ ገመድ የተጠመጠመበት ነበር። ዘይት፣ ጥጥ፣ ቃጫ፦ ባለሙያዎቹ ክፍተቱን በእጃቸው ባለው ነገር ሁሉ ለመድፈን ሞክረዋል። ፈሳሹ ለምን እንደሚሳብ ግን ገና የሚያውቅ አልነበረም።

ማን ይስባል? ከ1638 እስከ 1663

ሊቃውንቱ ለረጅም ጊዜ የሰጡት መልስ “ተፈጥሮ ባዶነትን ትጸየፋለች” የሚል ነበር። ፒስተኑ ሲነሳ ባዶ ቦታ እንዳይፈጠር ውኃው ሮጦ ይሞላዋል ተባለ። የጉድጓድ ቆፋሪዎችና የማዕድን ሠራተኞች ግን የሚያስቸግር ነገር ያውቁ ነበር፦ የቱንም ያህል ቢደከም ፓምፕ ውኃን ከ10 ሜትር እምብዛም አሳልፎ አይስብም። ጋሊሌዎ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ገደብ አነሳው፤ ምክንያቱን ግን አላገኘውም።

ያገኘው ወጣቱ ቶሪቼሊ ነው። በ1644 ሐሳቡን ለወዳጁ በደብዳቤ ሲያስረዳ፣ አንድ ጫፉ የተዘጋ የመስታወት ቱቦ በሜርኩሪ ሞልቶ ሜርኩሪ ባለበት ሳህን ላይ ሲደፋው ሜርኩሪው ሁሉ እንደማይፈስ፣ ወደ 76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚቆም ገለጸ። ሜርኩሪ ከውኃ 13.6 ጊዜ ይከብዳል፤ 76 ሴንቲ ሜትርን በ13.6 ብናባዛው 10 ሜትር ከ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ እናገኛለን። የፓምፑ ገደብ ይኸው ነው። የሚስብ ኃይል የለም፤ በውጭ ያለው አየር በክብደቱ ይገፋል፣ የመግፋት አቅሙም ልክ አለው። በ1648 የፈረንሳዩ ፓስካል የእህቱን ባል ሜርኩሪውን አስይዞ ፒዊ ደ ዶም ወደሚባለው ተራራ ላከው፤ አየሩ ሲሳሳ ሜርኩሪውም ዝቅ አለ። ክርክሩ አበቃ።

በአገራችን ዋግምት የሚያደርግ ባለሙያ ቀንዱን ቆዳ ላይ ደፍቶ አየሩን በአፉ ሲስብ ሥጋው ወደ ቀንዱ ያብጣል። ቀንዱ የጎተተው ይመስላል እንጂ፣ የገፋው በቀሪው ሰውነት ላይ የሚጫነው አየር ነው። ነርሷ ከብልቃጥ መድኃኒት ስትቀዳም የሚሆነው ይህ ነው። መግፊያውን ስትስብ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ከፍ ያለ ግፊት መድኃኒቱን ይነዳዋል። ብልቃጡ የታሸገ ስለሆነ አስቀድማ ትንሽ አየር ትሰጠዋለች፤ ያለዚያ መድኃኒቱ እየወጣ ሲሄድ የሚነዳው ግፊት ይደክማል።

የመግፋቱን ምሥጢር ደግሞ ፓስካል ራሱ፣ ከሞተ በኋላ በ1663 በታተመ ሥራው አስረዳ። በተዘጋ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዳረሳል፤ ግፊት ማለትም ኃይል በስፋት ሲካፈል ነው። ስለዚህ በአውራ ጣት እኩል ኃይል ሲገፉ፣ ቱቦው የጠበበው ሲሪንጅ የሚፈጥረው ግፊት ይበልጣል። በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ባለ 10 ሚሊ ሊትሩ ከሚፈጥረው ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ባለሙያዎች ስስ የደም ሥር ቱቦዎችን በትንሽ ሲሪንጅ እንዳያጥቡ የሚከለከሉት ለዚህ ነው።

ላባና የከብት ፊኛ፦ ከ1656 እስከ 1670

እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቪ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር በ1628 ካስረዳ በኋላ አዲስ ጥያቄ ተነሳ፦ ደም ሥር ውስጥ የገባ መድኃኒት መላ ሰውነትን ያዳርስ ይሆን? በ1656 በኦክስፎርድ፣ ኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል የነደፈው ክሪስቶፈር ሬን በውሻ ሞከረው። በከብት ፊኛ ውስጥ ኦፒየም የተቀላቀለበት ወይን ጠጅ አደረገ፤ በፊኛው አፍ ቀጭን የላባ ቱቦ አሠረ፤ የውሻውን ደም ሥር ከፍቶ ጨመቀው። ውሻው ወዲያው ፈዘዘ። ሮበርት ቦይል እንደመዘገበው፣ እንቅልፍ ይዞት እንዳይሄድ በአትክልት ስፍራው እየተገረፈ ተሯሯጠ፤ ተረፈ፤ ወፈረ፤ ዝናው ሲናኝ ደግሞ ተሰረቀ።

የሰው ልጆች ዕድል እንደ ውሻው አላማረም። የጀርመን ሐኪሞች ልዩ ልዩ ፈሳሾችን በሰው ደም ሥር አስገቡ፤ በፓሪስ በ1667 የበግ ደም ለሰው ተሰጠ። ሰዎች ሞቱ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ደም መስጠት በፈረንሳይ ታገደ። መጠኑን የሚለካ፣ ቆዳውን ሳይቀድ የሚገባ መሣሪያ ባለመኖሩ ሐሳቡ ለአንድ መቶ ሰባ ዓመት ያህል ተኛ።

የእንፋሎቱ ትምህርት፦ ከ1712 እስከ 1775

ሲሪንጁ ቢተኛም መግፊያና ቱቦ አልተኙም። በ1712 ኒውኮመን በእንግሊዝ የማዕድን ጉድጓድ ውኃ የሚያወጣ ሞተር ተከለ። አሠራሩ ሲሪንጅን የገለበጠ ነው፤ በሲሪንጅ እጅ መግፊያውን ያንቀሳቅሳል፣ በሞተሩ ግን አየርና እንፋሎት ፒስተኑን ያንቀሳቅሱታል። የኒውኮመን ፒስተን በቆዳ የተሸፈነ ነበር፤ ክፍተቱን ለመድፈን ከላዩ ውኃ ይፈስበታል።

ጄምስ ዋት ሞተሩን ሲያሻሽል ውኃው ሲሊንደሩን ስለሚያቀዘቅዝበት ያን ዘዴ መተው ነበረበት። ክብነቱ የተዛነፈ ሲሊንደር ግን እንፋሎቱን በየጎኑ ያስመልጥበት ነበር። መፍትሔው የመጣው ከብረት ቀላጩ ጆን ዊልኪንሰን ነው። መድፍ ለመቦርቦር የሠራውን መሣሪያ አሻሽሎ በ1775 ገደማ ለዋት ልኩን የጠበቀ ሲሊንደር ሠራለት። ከዚህ የተገኘው ትምህርት፣ ክፍተቱን የሚዘጋው የሚጠመጠመው ነገር ብቻ ሳይሆን የቱቦው ልክ መሆን ነው የሚል ነበር። ሐኪሞች ይህን የተጠቀሙበት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

መርፌው ይመጣል፦ ከ1844 እስከ 1870ዎቹ

በ1844 በደብሊን ፍራንሲስ ሪንድ የፊቷ ነርቭ የሚያሠቃያትን ሴት ከቆዳዋ ሥር ሞርፊን በባዶ መርፌ አስገብቶ አከማት። መሣሪያው መግፊያ አልነበረውም፤ መድኃኒቱ በክብደቱ ብቻ ይንጠባጠባል።

በ1853 ሁለት ሰዎች፣ አንዳቸው የሌላውን ሳያውቁ፣ መርፌንና መግፊያን አንድ አደረጉ። የሊዮኑ ሻርል ፕራቫዝ የብር ሲሪንጅ አሠራ። ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር ነበር። መግፊያው የሚሄደው በብሎን ሲሆን፣ ብሎኑ በዞረ ቁጥር የታወቀ መጠን ይወጣል። ፕራቫዝ የፈለገው ያበጠ ደም ሥር ውስጥ ደም የሚያረጋ መድኃኒት ማስገባት ነበር፤ በበግና በፈረስ ሞክሮት በዚያው ዓመት ሞተ። በኤድንብራ ደግሞ አሌክሳንደር ዉድ በለንደን የተሠራ ሲሪንጅ ይዞ ሞርፊን በሚያመው ነርቭ አጠገብ ወጋ፤ በ1855 ውጤቱን አሳተመ።

ዉድ መድኃኒቱ የሚሠራው በተወጋበት ቦታ ላይ ብቻ ይመስለው ነበር። የለንደኑ ቻርልስ ሃንተር ታካሚው ደጋግሞ በተወጋበት ቦታ ቁስል ሲያወጣበት መርፌውን ሌላ ቦታ ወጋው፤ ሕመሙም እንደበፊቱ ጋብ አለ። መድኃኒቱ በደም ዞሮ መላ ሰውነትን ያዳርሳል ማለት ነው። ሁለቱ በመጽሔት ላይ በጽኑ ተከራከሩ፤ እውነቱ ከሃንተር ጋር ነበር።

ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የፓሪሱ ሐኪም ፓዝዊ በቀጭን ቱቦ የሚሄድ ፈሳሽን ሕግ አግኝቶ ነበር። ቀዳዳው በግማሽ ቢጠብ፣ በእኩል ግፊት የሚያልፈው ፈሳሽ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ወፍራም መድኃኒት በቀጭን መርፌ ሲወጋ አውራ ጣት የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

የአዲሱ መሣሪያ መዘዝም አብሮ መጣ። ሐኪሞች በመርፌ የገባ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም ብለው አምነው ለታማሚዎች ሲሪንጁን ቤት ድረስ ሰጡ። በ1870ዎቹ የሞርፊን ሱሰኞች በአውሮፓና በአሜሪካ በዙ። የዉድ ሚስት በዚሁ ሱስ ሞተች የሚል ወሬ እስከዛሬ ይነገራል፤ ነገር ግን ከባሏ ሞት በኋላም ዓመታት ኖራለች።

የሚፈላ መስታወት፦ ከ1880ዎቹ እስከ 1925

የፓስተርና የኮኽ ሥራ በሽታ በጀርም እንደሚተላለፍ ሲያረጋግጥ የሲሪንጁ ደካማ ጎን ተገለጠ። የመግፊያው ጫፍ ቆዳ ነበር። ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ያፈሳል፤ ሲፈላ ደግሞ ይበላሻል። በ1890ዎቹ የዲፍቴሪያ መድኃኒት በመርፌ መሰጠት ሲጀምር ችግሩ ለነገ የማይባል ሆነ።

መልሱ በፓሪስ ከሚገኘው የሉዌር የሕክምና መሣሪያ ቤት መጣ፦ ቱቦውም መግፊያውም መስታወት የሆነ ሲሪንጅ። ጥጥም ቆዳም የለውም። ሁለቱ መስታወቶች እርስ በርስ ተሞርደው ስለሚገጥሙ፣ በመካከላቸው የሚቀረው ስስ የፈሳሽ ሽፋን ራሱ ክፍተቱን ይዘጋዋል። ዊልኪንሰን በብረት ያሳየው እዚህ በመስታወት ተደገመ። ግን እያንዳንዱ መግፊያ የሚገጥመው ለራሱ ቱቦ ብቻ ነበር። ስለዚህ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይቀረጽ ነበር፤ ከተፈላ በኋላ ነርሷ ቁጥሩን እያየች ታጋጥማለች፤ አንዱ ከተሰበረ ሌላውም አይጠቅምም። ማንኛውም መግፊያ ለማንኛውም ቱቦ እንዲገጥም የሆነው በ1946፣ በእንግሊዙ ቻንስ ብራዘርስ ፋብሪካ ነው።

ሉዌር ሌላም ውርስ ትቷል። መርፌው የሚሰካበት ጫፍ በየ100 ሚሊ ሜትር ርዝመት 6 ሚሊ ሜትር እየጠበበ የሚሄድ ሾጣጣ ነው። በ1925 አሜሪካዊው ዲኪንሰን የሚጠመዘዝ መቆለፊያ ጨመረበት። የዛሬው ፕላስቲክ ሲሪንጅ ጫፍ ያንኑ ልክ እንደያዘ ነው፤ በአንድ አገር የተሠራ መርፌ በሌላ አገር ሲሪንጅ ላይ የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመስታወት ወደ ፕላስቲክ፦ ከ1922 እስከ 1961

በጥር 1922 በቶሮንቶ ለአንድ የስኳር ሕመምተኛ ልጅ ኢንሱሊን ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ሲሪንጅ የሐኪም ቤት ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ በየቤቱ፣ በየዕለቱ፣ በታማሚው በራሱ እጅ ገባ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲገባደድ ፔኒሲሊን ሲስፋፋ ደግሞ በቀን ብዙ ጊዜ መወጋት የተለመደ ሆነ። መርፌ በበዛ ቁጥር ማፍላቱ ተቸኮለበት። በብሪታንያ የቂጥኝ ሕክምና የሚከታተሉ ብዙ ሰዎች በጉበት በሽታ ሲያዙ፣ ተጠያቂው በደንብ ያልጸዳ ሲሪንጅ መሆኑ በ1940ዎቹ ታወቀ።

በ1954 አሜሪካ የሳልክን የፖሊዮ ክትባት ወደ 1.8 ሚሊዮን ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት ስትፈትሽ፣ ቤክተን ዲኪንሰን የተባለው ኩባንያ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት የመስታወት ሲሪንጅ በብዛት አመረተ። በ1956 ደግሞ ኒውዚላንዳዊው ፋርማሲስትና የእንስሳት ሐኪም ኮሊን መርዶክ በፕላስቲክ የሚሠራ፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ሲሪንጅ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። የመነሻ ሐሳቡ በሽታ በመርፌ ከከብት ወደ ከብት እንዳይተላለፍ ነበር። በ1961 ፕላስቲኩ በሰፊው ገበያ ገባ። የመግፊያው ጫፍ የሲሊኮን ዘይት የተቀባ ጎማ ሆነ። ከክቴሲቢዮስ ዘይት ጀምሮ የተፈለገው መፍትሔ፣ አጥብቆ የሚዘጋ ግን በቀላሉ የሚንሸራተት ነገር፣ በርካሽ ተገኘ።

ወደኋላ የማይመለሰው መግፊያ፦ ከ1980ዎቹ እስከ ዛሬ

ሆኖም “አንዴ ተጠቀሙበትና ጣሉት” የሚለው ምክር ድህነት ባለበት አይሠራም። ፕላስቲክ ሲፈላ ይጣመማል፣ አይጸዳም፤ ሰው ግን ውኃ አለቅልቆ ደግሞ ይወጋበታል። በኢትዮጵያም መርፌ ከክኒን ይበልጥ ያድናል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነበር፤ በየሰፈሩ መርፌ ወጊ የሚባሉ፣ የሕክምና ትምህርት የሌላቸው ሰዎች በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ይወጉ ነበር። ኤችአይቪ ሲመጣ ይህ ልማድ የሞት መንገድ ሆነ። ችግሩ የድሆች አገሮች ብቻም አልነበረም። በ1988 በሶቭየት ኅብረቷ ኤሊስታ ከተማ በሆስፒታል በተደጋገመ ሲሪንጅ ከ70 በላይ ሕፃናት በቫይረሱ ተያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2000 ብቻ ንጽሕናው ባልተጠበቀ መርፌ ምክንያት 21 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ቢ፣ 2 ሚሊዮን በሄፓታይተስ ሲ፣ 260 ሺህ ደግሞ በኤችአይቪ ተይዘዋል።

እንግሊዛዊው ማርክ ኮስካ በ1984 ስለዚህ አደጋ በጋዜጣ ካነበበ በኋላ ሰውን ከመምከር ይልቅ መሣሪያውን መለወጥ መረጠ። እሱ የነደፈውን ሲሪንጅ ወደ ብርሃን አድርገው ቢያዩት በቱቦው ውስጥ ትንሽ ቀለበት ትታያለች። መግፊያው ወደፊት ሲሄድ ታሳልፈዋለች፤ እስከ ጥግ ከተገፋ በኋላ ወደኋላ ልሳብ ሲል ትይዘዋለች፤ በግድ ከተጎተተ ዘንጉ ይሰበራል። ሌሎች ሠሪዎች በብረት ቅንጥብ ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። በ1999 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የተመድ የሥነ ሕዝብ ፈንድ ክትባት ሁሉ በ2003 መጨረሻ እንዲህ ባለ ሲሪንጅ ብቻ እንዲሰጥ ጠየቁ። ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን ልጆች ሲከተቡ የምናያት 0.5 ሚሊ ሊትር የምትይዘው ሲሪንጅና አጠገቧ የምትቀመጠው ቢጫ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ መጣያ) የዚያ ውሳኔ ፍሬ ናቸው።

ታሪኩ ገና አላለቀም። በ2021 ለኮቪድ ክትባት በተደረገው ሽሚያ በመርፌው አንገት ላይ የሚቀረው ጠብታ እንኳ ዋጋ አወጣ። ያን ቀሪ ባዶ ቦታ ያጠበቡ ሲሪንጆች ለአንድ ሰው 0.3 ሚሊ ሊትር ከሚቀዳበት የፋይዘር ብልቃጥ አምስት ሳይሆን ስድስት ሰው ለመከተብ አስቻሉ።

ባለሙያዎች ለሁለት ሺህ ዓመት የደከሙት መግፊያው ሳያፈስ፣ ሳይጠብቅ እንዲመላለስ ነበር። ብዙ ሕይወት ያተረፈው ግን ከአንድ ምልልስ በኋላ እንዳይንቀሳቀስ መደረጉ ነው። ይህ መቆለፊያ ደግሞ በዋናነት ያለው በክትባት ሲሪንጆች ላይ ነው፤ ለሕክምና ከሚሰጡት መርፌዎች ብዙዎቹ አሁንም በሰው ጥንቃቄ ላይ የተመኩ ናቸው። ስለዚህ መርፌ ሲታዘዝልዎ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ክኒን አይበቃም ወይ? ካልበቃ ደግሞ፣ ማሸጊያው ዓይንዎ እያየ ይከፈት።